ወረቀቴ እስኪያልቅ የቆየ መርዶ

ባለፈው ሰሞን ለጡረታ ጉዳይ አንድ ወረቀት ኮፒ ላስደርግ እዚህ ለንደን ሰቨን ሲስተርስ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ወዳለች ጠባብ ሱቅ ገባሁ። ስልክ ትጠግናለች፣ ሻንጣ ትሸጣለች፣ ወደ ዓለም ዳርቻ ሁሉ ገንዘብ ትልካለች፤ ጥግ ላይ ደግሞ አንድ ያረጀ የኮፒ ማሽን አላት። ባለሱቁ ክዳኑን ከድኖ ቁልፉን ሲጫነው ማሽኑ እንደ እኔ ጉልበት ተንቋቋና አንዲት ትኩስ ወረቀት ተፋ። ተቀብዬ ከማጠፍ ይልቅ ወደ አፍንጫዬ አስጠጋኋት። «አንክል፣ ተበላሸ እንዴ?» አለኝ ባለሱቁ ደንገጥ ብሎ። «የለም፣ ደህና ነው። እያሸተትኩት ነው» አልኩት። ወረቀት የሚያሸት ሽማግሌ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ለመገመት ጊዜ አልፈጀበትም፤ ዋጋውን እንኳ ሳይቀበለኝ እስከ በር ሸኘኝ። ሰው እንደ እብድ ሲያየኝ ብዙ አይከፋኝም፤ አንዳንዴ ቅናሽ ያስገኛል።

ሽታው ግን የሚቀለድበት አይደለም። የጋለ አቧራ፣ ቀለምና አሁን ከካውያ ስር የወጣ ሸሚዝ አንድ ላይ የተቀላቀሉበት ነው። ያ ሽታ እጄን ይዞ ወደ ፈረንጆቹ ዘጠናዎች መለሰኝ፤ ከቶተንሃም በባስ ወደምሄድበት ኮሌጅ፣ ላይብረሪው ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ከመስኮቱ ስር ማሞቂያ አጠገብ ወደነበረችው ወንበሬ። ዓመቱን በትክክል አትጠይቁኝ። ከአንዳንዱ ባስ ኋላ ተንጠልጥለን የምንሳፈርበት፣ ቲኬት ቆራጩ ሆዱ ላይ ያንጠለጠላትን ማሽን ክርር እያደረገ የሚያልፍበት ዘመን ነበር። በላይብረሪው ምድር ቤት ሻይ ሠላሳ ፔኒ ነው፤ ብስኩት ከጨመርክ ሀብታም ነህ። ሰቨን ሲስተርስ መገናኛው ላይ ካለው የካሴት ሱቅ ሙዚቃው እስከ መንገዱ ማዶ ይሰማል፤ ከድምፁ ይልቅ ደረት የሚመታው ነጎድጓዱ ነው። እኔ ደግሞ ኪልበርን ሃይ ሮድ ላይ ካለ የአሮጌ ልብስ ሱቅ በሦስት ፓውንድ የገዛሁትን ግራጫ ካፖርት ለብሼ እዞራለሁ። ባለቤቱ የነበረው ሰውዬ ረጅም እንደነበረ እጅጌው ይመሰክራል፤ እጄን ለሰላምታ ስዘረጋ መጀመሪያ የሚደርሰው እጅጌው ነው። አባቴ አሻግሬ፣ ወልድያ ከተማ አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ልብስ ሰፊ ነበር። ያንን ካፖርት ቢያየው ኖሮ መቀሱን ይዞ ለንደን ድረስ ይመጣ ነበር እል ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር፤ አለዚያ በኋላ ተታለልን ትሉኛላችሁ። በዚያ ብርድ ሰሞን አባቴ ሞቶ ነበር። ተቀብሯል፣ ሠልስቱ ወጥቷል፣ ጎረቤት አልቅሶ ወደ ሥራው ተመልሷል። የማላውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ወንድሜ የደወለው ለእኔ ሳይሆን ሰቨን ሲስተርስ ላይ ቅመማ ቅመም ለሚሸጡት ለእትዬ የሺ ነው። ደግ አድርጓል፤ ወጉም እንዲሁ ነው። እትዬ የሺም የሚያውቁኝን ሁሉ ከሱቃቸው ጓዳ ሰብስበው፣ በኮረሪማ ከረጢቶች ላይ አስቀምጠው መከሩ። «ልጁ የኮሌጅ ወረቀት አለበት። እሱን ያስረክብና እናረዳዋለን» ተባለ። «ልጁ» እንግዲህ እኔ ነኝ፤ አርባን አልፌ ጸጉሬ ከግንባሬ መሸሽ ጀምሮ ነበር። እነሱ ያላወቁት አንድ ነገር ቢኖር የወረቀቴን አረማመድ ነው። የአባቴ መርዶ ወረቀቴን ይጠብቃል፣ ወረቀቴ ደግሞ ከማሞቂያው አጠገብ ተመቻችቶ ተቀምጧል።

የምማረው ሥነ ልቦና ነበር። ለምን እንደመረጥኩት ሰው ሲጠይቀኝ «የሰውን ልብ ለማወቅ» እል ነበር፤ እውነቱ ግን የሒሳብ ፈተና የሌለበት እሱ መስሎኝ ነው። ተሳስቻለሁ፤ ሒሳብ አለው። ለማጠቃለያው አንድ የጥናት ወረቀት ይጻፋል፤ ያላስረከበ አይመረቅም። አስተማሪያችን ፖም ከነፍሬው የሚበላ ቀጭን ሰው ነበር። «የምታውቁትን ነገር ምረጡ» ሲለን እኔ መርዶን መረጥኩ። ይህ እንግዲህ አባቴ በጤና ቁጭ ብሎ ኮት በሚጠቅምበት ጊዜ ነው። ርዕሱን ሳስረዳው አስተማሪዬ ፖሙን ከአፉ አወጣና «በጣም ጥሩ ነው። ምንጮችህስ? ከአንተ በፊት ማን ምን ጻፈ?» አለኝ። ወረቀቴ እግሩ የተሰበረው እዚያ ላይ ነው።

ምንጭ ፍለጋ ያኔ የጉልበት ሥራ ነበር። የዛሬ ልጆች ሶፋ ላይ ተጋድመው በአውራ ጣታቸው የሚያመጡትን እኛ በእግራችን ነው የምናመጣው። መጀመሪያ የእንጨት መሳቢያ እየሳቡ ካርድ ማገላበጥ፣ ቀጥሎ ኮምፒዩተሩ ላይ ለመቀመጥ ተመዝግቦ ወረፋ መጠበቅ። በኮምፒዩተሩ ሆድ ውስጥ የምትገባ አንዲት የምታብረቀርቅ ሲዲ ነበረች፤ የሥነ ልቦና ጆርናሎች ማውጫ እሷ ላይ ነው ያለው። ቃል ትጽፍላታለህ፣ ታጉረመርማለች፣ ታስባለች፣ ከዚያ ከምትፈልገው በቀር ሁሉን ታመጣልሃለች። «ሞት» ብዬ ብጽፍላት የዓለሙን ሞት ሁሉ ዘረገፈችብኝ። «መጥፎ ዜና» ብላት ሐኪም ለበሽተኛ እንዴት እንደሚናገር የሚያስተምሩ መጣጥፎችን ደረደረች፦ ጸጥ ያለ ክፍል ምረጥ፣ ቁጭ በል፣ አታዘግይ፣ ለብቻው ንገረው። ለብቻው! እኛ እኮ ስንጠራራ የምናድረው ሰውየው ብቻውን እንዳይሰማ ነው። ጎህ ሲቀድ ደጁን ሞልተን፣ ቢወድቅ የሚይዘው፣ ደረቱን ቢመታ እጁን የሚቀበለው፣ ውሃ የሚያቀብለው ይዘን ነው የምንሄደው። ይህንን የጻፈ አንድ ሰው ፍለጋ ሳምንታት አለፉ።

ደግሞ መጀመሪያ ያቃተኝ ከሁሉ የቀለለው ነገር ነው። ጸሐፊዎቹን በስማቸው ፈለግኋቸው። ሰው በስሙ ካልተፈለገ በምን ይፈለጋል? አስተማሪዬ የጠቀሰልኝን አንድ ሊቅ ፍለጋ መሳቢያ ስበረብር ውዬ፣ ዓይኔ እንባ ሲያቀርር፣ የላይብረሪው ኃላፊ ብሪጂት መጣች። አየርላንዳዊት ናት፤ ጸጉሯ ቀይ፣ መነጽሯ በሰንሰለት አንገቷ ላይ የተንጠለጠለ።

«ምን ጠፋብህ?» አለችኝ።

«ጆን።»

«የትኛው ጆን?»

«ጆን የሚባለው ነዋ።»

«ወዳጄ፣ እዚህ ቆመህ ጆን ብለህ ብትጣራ ግማሹ ላይብረሪ አቤት ይልሃል» አለችና መሳቢያውን ዘጋችብኝ። እዚህ አገር ሰው የሚደረደረው በራሱ ስም ሳይሆን በዘሩ ስም እንደሆነ ያስረዳችኝ ያን ቀን ነው። ከዚያ ወዲያ ሊቃውንቱን ሁሉ በየቤታቸው እየሄድኩ አገኛቸው ጀመር። ስለ ሌላው ሁሉ ገባኝ። ስለ ራሴ ግን አልገባኝም።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። ካውንስሉም ክሊኒኩም ሥራ ቦታዬም ሚስተር አሻግሬ ነው የሚሉኝ፤ ለምጄው አቤት እላለሁ። ላይብረሪ ስገባ ግን ብሪጂት «ጥሩነህ» ትለኛለች። አጠራሯ ይንጋደድ እንጂ በዚያ ትልቅ ከተማ ከአገሬ ሰው ሌላ በስሜ የሚጠራኝ እሷ ብቻ ነበረች። እና አንድ ቀን ስለ ሐዘንና ስለ ዘገየ ዜና የተጻፈ አንድ የቆየ መጣጥፍ ከማውጫው ላይ አገኘሁ። ጆርናሉ እኛ ጋ የለም። «ከሌላ ላይብረሪ እናስመጣልሃለን። ሲመጣ ያ መደርደሪያ ላይ በስምህ ይቀመጥልሃል» አለችኝ ብሪጂት። በስምህ! በየቀኑ እየሄድኩ «ቲ» የሚለው ፊደል ስር አያለሁ፤ የለም። ላስቸግራት አልፈለግሁም፤ የእንግሊዝ ፖስታ እንዲህ ከዘገየ የኛው አይታማ እያልኩ ወደ ማሞቂያዬ እመለሳለሁ። አስተማሪዬንም ተጨማሪ ጊዜ ጠየቅሁት፣ ሰጠኝ። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። ያ ወረቀት ካለቀ የት ልሄድ ነው? ቤቴ ቶተንሃም አንዲት ክፍል ናት፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ ሳንቲም ካልጎረሰ የማይሞቅ የጋዝ ምድጃ። ማታ ማታ የመኪና ማቆሚያ በር ላይ ባለች የመስታወት ሳጥን ውስጥ ተቀምጬ ትኬት እቀበላለሁ። ቀኑን ሙሉ ከሰው የምለዋወጠው ቃል «አመሰግናለሁ» እና «መልስህን እንካ» ነው።

የአገሬ ሰው ደግሞ በዚያ ሰሞን እንግዳ ጠባይ አመጣ። እሁድ ቅዳሴ ሲያልቅ ወትሮ ደጀ ሰላሙ ላይ ከቦ የሚያስቀኝ ሁሉ፣ ሲያየኝ ባስ የሚያመልጠው ይመስል ይጣደፋል። አንዱ ይስመኝና ትከሻዬን ጭብጥ አድርጎ፣ ሳይናገር ይሄዳል። አንዷ ዓይኗ እንባ ሞላ። «ምነው?» ብላት «ብርዱ ነው» አለችኝ። ያኔ የተማርኩትን ሁሉ ያገኘሁት ሰው ላይ መሞከር ልማዴ ነበር፤ ሰላም ያለኝን ሰው «የልጅነት ሕልምህን ንገረኝ» እለው ነበር። ስለዚህ ነገሩን ቶሎ ፈታሁት፦ ሥነ ልቦናዬ ሰለቻቸው አልኩ። አፌን ይዤ ብቻዬን መሄድ ጀመርኩ። ከቅዳሴ በኋላ ያለችውን ያቺን ከሰዓት በኋላ ታውቋታላችሁ? ሱቁ ሁሉ ዝግ፣ መንገዱ እርጥብ፣ ከየመስኮቱ የሰው ቤት ምሳ ሽታ። እሷን ቶተንሃም ሃይ ሮድን ከላይ እስከ ታች በእግሬ እየወረድኩ ነው የምጨርሳት።

አንድ ነገር ብቻ ያጽናናኛል። ሁሉም ሰው ስለ ወረቀቴ ይጠይቃል። እንዲህ ለትምህርት የሚጨነቅ ማኅበረሰብ የት ይገኛል እያልኩ እኮራ ነበር። እትዬ የሺ ዘንድ ስገባ ገና ደወሉ ሳይጮህ ይጀምራሉ።

«ወረቀቱ አለቀ?»

«አላለቀም እትዬ። አንድ መጣጥፍ እየጠበቅሁ ነው።»

«የምን መጣጥፍ ነው ደግሞ?»

«ስለ ሐዘን የተጻፈ።»

የያዙት ማንኪያ በርበሬው ከረጢት ውስጥ ወደቀ። «ሌላ ርዕስ አጣህ? ስለ ሰርግ አትጽፍም?»

«ስለ መርዶ እኮ ነው። እንዲያውም እርስዎን ኢንተርቪው ላድርግዎት።»

«እኔን? እኔ ምን አውቄ?»

«እርስዎ ሳይኖሩ ቶተንሃም ውስጥ ማን ተረድቶ ያውቃል? እርስዎን ጠዋት በሩ ላይ ያየ ሰው እኮ ሳይነገረው ነው ማልቀስ የሚጀምረው።»

«ሂድ ወዲያ! አፍህን!» አሉና ፊታቸውን አዙረው መደርደሪያ መነካካት ጀመሩ። ቆይተው በትልቅ ፌስታል ሽሮውን፣ ምስሩን፣ ቂቤውን ሞሉልኝ። ልከፍል ኪሴን ስዳብስ እጄን መቱኝ። «ከስተሃል። ብላ። ያችን ወረቀት ደግሞ በናትህ ቶሎ ገላግላት።» ድሮ ግማሽ ማንኪያ እንኳ የማይመርቁ ሴትዮ ናቸው። ተመስገን፣ ትምህርት ያስከብራል አልኩ።

ወዳጄን ሰይድንማ አላስመለጥኩትም። ሰይድ የደሴ ልጅ ነው፤ ለንደን ስገባ በስደተኛ ሆስቴል አንድ ክፍል ተጋርተናል፤ እሱ ለሱብሂ ሶላት ሲነሳ ይቀሰቅሰኛል፣ እኔ በፆም ሽሮ ሳበስል ሳላካፍለው ቀርቼ አላውቅም። ያኔ ሚኒካብ የሚሉትን የኮንትራት ታክሲ ይነዳ ነበር። መኪናው ውስጥ ካሴት አለ፤ ብዙ ከመዞሩ የተነሳ ዘፋኙ ከውሃ ስር የሚያንጎራጉር ይመስላል። ጣቢያው አጠገብ ደንበኛ ሲጠብቅ ደረስኩበትና ከጎኑ ገባሁ። ብዕሬን አወጣሁ።

«አንድ፦ ሰው መርዶ ለምን ይደብቃል?»

«ማን ደበቀ?» አለ ሰይድ ካሴቱን ድርግም አድርጎ።

«በጠቅላላው ነው ሰይዶ። አገር ቤት ሰው ሲሞት እዚህ ያለው ዘመድ ለምን ቶሎ አይነገረውም?»

«እ... በጠቅላላው?» የዝናብ መጥረጊያውን አበራ። ዝናቡ ካቆመ ቆይቷል። «እንግዲህ ብቻውን እንዳይሆን ነዋ። ሥራ ላይም ከሆነ፣ ፈተናም ካለበት...»

«ፈተና ካለበት እስኪጨርስ?»

«ወላሂ ይሄ ከባድ ጥያቄ ነው ፕሮፌሰር። ቀላል የለህም?»

«ሁለት፦ የሚደብቀው ሰውስ ምን ይሰማዋል?»

ሰይድ የቆመ መኪና መሪ በሁለት እጁ ጨበጠ። ወደ እኔ አልዞረም። «ጉሮሮው ላይ አጥንት እንደተሰካ ነው» አለ። «ያንን ሰው ይሸሸዋል። ይናፍቀዋል፣ ግን ይሸሸዋል። ካየው ቃሉ የሚያመልጠው ይመስለዋል።»

«ግሩም ነው!» ብዬ ጻፍኩ። «ከየት አመጣሃት በል?»

«ደንበኛ መጣ፣ ውረድ» አለኝ። መንገዱ ላይ ሰው የሚባል አልነበረም። እኔም ወርጄ፣ ያማረ መረጃ ስላገኘሁ እያፏጨሁ ወደ ባሱ ሄድኩ። ሞኝነት መጠን አለው ሲሉ ሰምቻለሁ፤ እኔ ግን መጠኑን አላገኘሁትም።

አገር ቤትም እደውል ነበር። የአምስት ፓውንድ ካርድ ገዝቼ፣ ጀርባዋን በሳንቲም ፍቄ፣ ያንን ሁሉ ቁጥር ነካክቼ ወንድሜን አገኘዋለሁ። «አባባስ?» ስል «ገበያ ወጥቷል» ይለኛል። በሌላ ጊዜ «ቤተ ክርስቲያን ነው»። በሌላ ጊዜ ደግሞ ገበያ። ከስፌት መኪናው ፈቀቅ ማለት የማይወደው ሰውዬ በስተርጅና እግር አወጣ ብዬ ደስ አለኝ። «ካፖርት ገዛሁ በለው፤ እጅጌው ረጅም ነው በለው» እላለሁ። መስመሩ ላይ ዝም ይባላል። የሳተላይቱ ነገር ነው እላለሁ።

ከዚያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ማሞቂያው ጀርባዬን እያሞቀኝ እንቅልፍ ሲወስደኝ፣ ብሪጂት መጥታ ከበላዬ ቆመች። እጇ ላይ ቡናማ ፖስታ አለ።

«ጥሩነህ፣ ይህ መጣጥፍ ከመጣ እኮ ስንት ጊዜው ነው! ልመልሰው ነበር። ለምን አትወስደውም?»

«የት ተቀምጦ?»

«መደርደሪያው ላይ ነዋ። ‹ኤ› ስር። አሻግሬ።»

ሳቄ መጣ። ሊቃውንቱን ሁሉ በዘራቸው የምፈልግ ሰውዬ ራሴን በስሜ ስፈልግ ከረምኩ። «ብሪጂት፣ አሻግሬ እኔ አይደለሁም» አልኳት። «እኛ እንደ እናንተ የቤተሰብ ስም የለንም። እኔ ጥሩነህ ነኝ፤ አሻግሬ አባቴ ነው። ፖስታውን ያስቀመጣችሁት ለአባቴ ነው።»

«ታዲያ አባትህ መጥቶ ይውሰዳ!»

«እሱማ ያለው ወልድያ ነው። ልብስ ሰፊ ነው። የእንግሊዝኛ ነገር ከመጣ ወደ መርፌው ነው የሚያጎነብሰው።»

ብሪጂት ሳቀች። መነጽሯን አወለቀችና ደረቷ ላይ አንጠለጠለችው። ከዚያ በሰው ወግ፣ ፖስታውን እየሰጠችኝ፣ «እንዴት ነው ታዲያ አባትህ? ደህና ነው?» አለችኝ።

ደህና ነው ልል አፌን ከፈትኩ። ጥያቄው ግን ለጆሮዬ እንግዳ ሆነብኝ። ይህንን ማን ነበር ለመጨረሻ ጊዜ የጠየቀኝ? የኛን ሰላምታ ታውቁታላችሁ። እናት ደህና፣ አባት ደህና፣ ልጆች ደህና፣ ላሚቱ ከብቱ ደህና ተብሎ ነው ወደ ጉዳይ የሚገባው። ሰይድ አንድ ቀን እንኳ «ጋሽ አሻግሬስ?» ሳይል መኪና አያስነሳም ነበር። እትዬ የሺ አባቴን ዓይተውት ሳያውቁ ጤናውን ከእኔ በላይ ይከታተሉ ነበር። ያን ሰሞን በሙሉ የጠየቁኝን በልቤ አንድ በአንድ አነሳሁ። ወረቀቱ። ወረቀቱ። ወረቀቱ። ስለ አባቴ አንድም ሰው አልጠየቀኝም። ከለንደን ሕዝብ ሁሉ የጠየቀችኝ፣ ማንም ያልነገራት ብሪጂት ብቻ ናት።

በማግስቱ ሰይድን ፈተንኩት። መኪናው ውስጥ ገብቼ ሰላምታውን ከጫፍ ጀመርኩ፤ እናቱን፣ የእናቱን ጉልበት፣ እህቱን፣ የእህቱን ልጆች። «አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ» እያለ መለሰ። አለቀ። የእሱ ተራ ደረሰ። ጠበቅሁት። የካሴቱ ዘፋኝ ከውሃው ስር ያንጎራጉራል። ሰይድ «ወረቀቱስ?» አለኝ።

«ደህና ነው» አልኩት። «ትንሽ አሞት ነበር፤ አሁን ተሽሎታል።»

አልሳቀም። እኔም አልሳቅሁም።

መናገር እችል ነበር። «አውቄአለሁ፣ በሉ ንገሩኝ» ማለት ምን ይከብዳል? ግን ያንን ብል እዚያው መኪና ውስጥ ሰይድ ትከሻዬን ይይዘኛል፣ እትዬ የሺ መደርደሪያቸውን ትተው ያለቅሳሉ፣ ነገሩ በዚያ ያበቃል። ጠዋት ደጄ ላይ የሚመጣ ሰው አይኖርም። ሐኪሞቹ በጆርናል የሚመክሩት ጸጥ ያለ ክፍል እኔ አለኝ፤ ጸጥታው እስኪተርፈኝ ድረስ። እኔ የፈለግሁት ያንን የእግር ኮቴ ነው። ስለዚህ እነሱ ከእኔ ደበቁ፣ እኔም ማወቄን ከእነሱ ደበቅሁ። በመንገድ ስንገናኝ ሁለት ሌቦች ነው የምንመስለው።

ከባዱ ያ ጊዜ ነው። ማልቀስ አይቻልም፤ ገና አልተረዳሁማ። ጥቁር መልበስ አይቻልም። በመስታወት ሳጥኔ ውስጥ «አመሰግናለሁ»፣ «መልስህን እንካ» እላለሁ። ቀን ላይብረሪ ገብቼ መጣጥፉን ዘርግቼ አንዱን መስመር ደጋግሜ አነባለሁ። አንድ ቀን የተጠረዙ አሮጌ ጆርናሎች ባሉበት፣ ማንም በማይደርስበት መተላለፊያ ቆሜ ብሪጂት አገኘችኝ። ፊቴን አይታ ቆመች።

«አባቴ ሞቷል» አልኳት በእንግሊዝኛ። በእንግሊዝኛ ሲሆን ይቀላል፤ ከጋዜጣ ላይ ያነበብከው ነው የሚመስለው።

«እግዚአብሔር ያጽናህ። መቼ?»

«አላውቅም። ገና አልነገሩኝም።»

ግራ ገባት። «ታዲያ በምን አወቅህ?»

«አንቺ ስትጠይቂኝ።»

ልትረዳኝ አልቻለችም፤ እንዴትስ ትችላለች? ብቻ ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንበሬን ሌላ ሰው አልያዘብኝም፤ እሷ ኮትዋን እየጣለችበት ትጠብቅልኝ ነበር። ወረቀቴም ተራመደ። ለወራት የተኛ ሰውዬ በቀን ያንን ሁሉ ገጽ ሲጽፍ አስተማሪዬ የታመምኩ መስሎት ነበር። መጨረሻው ላይ ከምንጮቹ ጋር ተጣላሁ። ለብቻው ንገሩት የምትሉት ተሳስታችኋል፣ ሰው ይህን ብቻውን መስማት የለበትም ብዬ ጻፍኩ። ኅዳግ ላይ በቀይ «ለዚህ ምንጭህ የት አለ?» ተብሎ ነው የተመለሰልኝ፤ አሳለፈኝ እንጂ።

ያስረከብኩ ቀን ከኮሌጁ በቀጥታ እትዬ የሺ ዘንድ ሄድኩ።

«እትዬ፣ ወረቀቴን ዛሬ አስረከብኩ።»

«እሰይ!» አሉ፤ እሰይታው ግን ከመሃሉ ተሰበረ። በነጠላቸው ጫፍ አፍንጫቸውን ያዙ። «በርበሬው ነው... ነገ ሥራ አለህ?»

«ማታ ነው እትዬ። ጠዋት ቤት ነኝ» አልኩ፤ «ቤት ነኝ» የምትለዋን ረገጥ አድርጌ።

ቤቴን ጠረግሁ። ያለኝ አንድ ወንበር ነው፤ ከታች ያሉትን ጃማይካዊት ወይዘሮ ጎረቤቴን «እንግዳ ይመጣብኛል» ብዬ የምግብ ጠረጴዛቸውን ወንበሮች ሁሉ ለምኜ አወጣሁ። ብርጭቆዎች ገዝቼ አጥቤ በፎጣ ላይ ደፋኋቸው። ከዚያ ጭንቅ መጣ፤ ያልሰማ ሰው ምን ለብሶ ይተኛል? ፒጃማ ለበስኩ። ጸጉሬን በእጄ አንጨባረርኩ። «ምነው? በደህና?» የሚለውን በእንቅልፍ ድምፅ ተለማመድኩ። ይህ ሁሉ የሥነ ልቦና ትምህርት ለዚህ ጠቀመኝ።

ጎህ ሲቀድ መጡ። ብዙ ሰው ድምፅ ላለማሰማት ሲሞክር የሚያሰማው ድምፅ አለ፤ ደረጃው አንድ በአንድ ተንቋቋ፣ የእትዬ የሺ ትንፋሽ ከሁሉ በላይ ይሰማል። አንኳኩ። እንደሚነቃ ሰው ትንሽ ቆየሁ። ከፈትኩና የተለማመድኩትን «ምነው? በደህና?» አልኩ። ሰይድ ከፊት ነው። እትዬ የሺ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ከኋላቸው ከደጀ ሰላሙ የሸሹኝ ሁሉ በደረጃው ላይ ተደርድረዋል። «ጥሩዬ» አለ ሰይድ፤ «ጋሽ አሻግሬ...» አጥንቱ ከጉሮሮው ወጣ፣ አልጨረሰውም። ከዚያ በኋላ የጮኸው ድምፅ እኔ የተለማመድኩት አልነበረም። ከየት እንደመጣ አላውቅም። ወደቅሁ፤ ወለሉን ግን አልነካሁትም፤ በየት በኩል እንደያዙኝ ሳላውቅ ያዙኝ።

ለቅሶው በረድ ሲል እትዬ የሺ ዓይናቸውን ጠርገው ክፍሉን ቃኙ። የማያውቋቸውን ወንበሮች አዩ። ፎጣው ላይ የተደፉትን ብርጭቆዎች አዩ። ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ ልጅ» አሉ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ። «ብቻህን ይዘኸው ከረምክ?»

እጄን ይዘው አጠገቤ ተቀመጡና፣ ለሌላው ምንም ሳይናገሩ፣ «ቁጭ በሉ እንጂ፣ ምን ያቆማችኋል?» አሉ። ሰው መግባቱን ቀጠለ። ከኪልበርን የመጡም ነበሩ፤ ቴርሞስና ሳህን የያዙ፣ ስማቸውን የማላውቅ። አልጋው ላይ፣ ምድጃው አጠገብ፣ ወለሉ ላይ ተቀመጡ፤ የቀሩት ደረጃው ላይ። ወንበሮቹ አልበቁም።